ባለቤቴ ኦቨርታይም የገባሁ ይመስለዋል፤ እኔ ግን ሮለር ደርቢ እያየሁ ነው

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ከሥራ ስመለስ አውቶቡስ ላይ አነባለሁ። የሰው ጭንቀት ሳነብ «እኔስ ተመስገን ነው» እል ነበር። አሁን ተራው የኔ ሆነ።

የምኖረው ፖርትላንድ፣ ኦሪገን ነው። 43 ዓመቴ ነው፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የምሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው። ሽማግሌና አሮጊት አነሳለሁ፣ አጥባለሁ፣ አበላለሁ። ቤት ስገባም ያው ነው። ምግቡ፣ ልብሱ፣ የልጆቹ የቤት ሥራ። አላማርርም፤ ኑሮዬ እንዲህ ነው ለማለት ያህል ነው።

አብራኝ የምትሠራ አንዲት አሜሪካዊት አለች። ክንዷ ሙሉውን ንቅሳት ነው። ግን እንደሷ ለበሽተኛ የሚራራ ሰው አላየሁም። አንድ ቀን ጭኗና ክንዷ በልዞ መጣች። ባሏ የመታት መስሎኝ ደነገጥኩ። ሳቀችና «ሮለር ደርቢ እጫወታለሁ፣ ቅዳሜ ነይና እዪኝ» አለችኝ። እምቢ ማለት ከበደኝና ሄድኩ።

ምን ልበልዎት! ሴቶች ባለ አራት ጎማ ጫማ አድርገው ክቡን ይዞሩታል። በትከሻና በዳሌ ይጋፋሉ፣ ይወድቃሉ፣ ይነሳሉ። መጀመሪያ ዓይኔን ሸፈንኩ። ትንሽ ቆይቶ ግን ሳላስበው ቆሜ እየጮህኩ ነበር። ከዚያ ወዲህ እዚህ ከተማ ጨዋታ ካለ አልቀርም። ቡድን መርጫለሁ። የተጫዋቾቹን ቁጥር በቃሌ አውቃለሁ። ድምፄ እስኪዘጋ እጮሃለሁ።

ባለቤቴ ግን አያውቅም። የመጀመሪያ ቀን «ኦቨርታይም ገብቻለሁ» አልኩት። ይስቅብኛል ብዬ ነው እንጂ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ከዚያ በኋላ መመለሻው ጠፋኝ። በቀደም ደግሞ «ይሄን ሁሉ ቅዳሜ ገብተሽ ቼክሽ ለምን አልጨመረም?» አለኝ። «ታክስ ነው» አልኩት። ይኸው በውሸት ላይ ውሸት። እሱ እኮ ራሱ የለየለት የአርሰናል ደጋፊ ነው። ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ቤቱን በጩኸት ያናውጠዋል። በየዓመቱ ለኢትዮጵያውያን ፌስቲቫል ኳስም ፈቃድ ይወስዳል። እሱን ምን ሆንክ ያለው የለም።

በዚህ ላይ ባልደረባዬ ፌስቡክ ላይ የለጠፈችው ፎቶ ውስጥ አለሁበት። የማርያም ማኅበራችን ውስጥ ያለች ሴት አይታው «ሴት ከሴት ስትደባደብ ለማየት ነው ገንዘብ የምትከፍዪው? ከነማን ጋር ነው የዋልሽው?» አለችኝ። ያን ሌሊት አልተኛሁም። እውነት እኔ ምን ሆኜ ነው? ሰው እንዳይወድቅ ደግፌ የምውል ሴት፣ ማታ ሰው ሲጣል አይቼ ደስ የሚለኝ? ጤነኛ ነኝ? የ14 ዓመቷ ልጄም ስልኬ ላይ ቲኬቱን አይታ «እኔም ልሂድ፣ እኔም ልጫወት» እያለች ታስጨንቀኛለች። ልተወው ወይስ ልንገረው?

ቲ. ነኝ፣ ከፖርትላንድ

መልስ፦

እህቴ ቲ.፣

ደብዳቤሽ ውስጥ ሁለት ነገር ተጠላልፏል። አንዱ ለባለቤትሽ የነገርሽው ውሸት ነው። ሌላው ሮለር ደርቢ ነው። ለውሸቱ ይቅርታ ትጠይቂያለሽ። ለደርቢው ግን ይቅርታ የምትጠይቂው ሰው የለም። እንቅልፍ ያሳጣሽ ሁለቱን አንድ ላይ ማሰርሽ ይመስለኛል። እስቲ እንፍታቸው።

ከቼኩ እንጀምር፤ የሚያስቸኩለው እሱ ነው። ባለቤትሽ «ለምን አልጨመረም?» ሲልሽ ምን እያሰበ ይመስልሻል? ለአንድ ደቂቃ በሱ ቦታ ሁኚ። ሚስቴ ቅዳሜ ማታ ቤት የለችም። ሥራ ነኝ ትላለች። የሥራው ገንዘብ ግን የለም። እንዲህ ያለ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ሮለር ደርቢ አይመጣም። ወይ ገንዘብ ትደብቃለች ይላል፤ ወይ ሳትነግረኝ ለቤተሰቦቿ ትልካለች ይላል፤ ወይ ደግሞ... ሦስተኛውን አልጽፈውም፣ ታውቂዋለሽ። አንቺ የደበቅሽው ትንሽ ነገር ነው። እሱ ግን ትልቁን እየጠረጠረ ዝም ብሎ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ «ልተወው ወይስ ልንገረው?» ላልሽኝ መልሴ ንገሪው ነው። ደርቢውን ብትተዪ እንኳ ንገሪው። ብትተዪው ውሸቱም አብሮ የሚቀበር ከመሰለሽ አይቀበርም። ያለፉት ቅዳሜዎች ጥያቄ እንዳለ ነው። ፎቶውም ፌስቡክ ላይ ነው። ማኅበርተኛሽ ያየችውን ሌላ ሰውም ያየዋል፤ የኛ ሰው ደግሞ እንዲህ ያለ ወሬ ይዞ አያድርም። ሌላም አለ። ልጅሽ ቲኬቱን አይታለች፣ አባቷ ግን አያውቅም። ሳታስቢው የ14 ዓመት ልጅ ምስጢር እንድትጠብቅልሽ አድርገሻል ማለት ነው። ይሄኛው ከቼኩም በላይ ሊያስቸኩልሽ ይገባል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ይከለክለኛል ብለሽ አልፈራሽም። ይቆጣኛል ብለሽም አይደለም። የፈራሽው ሳቁን ነው። ለምን ይመስልሻል? ከዚህ በፊት የወደድሽው ነገር ተስቆበት ያውቃል? ወይስ «በዚህ ዕድሜዋ!» መባሉ ነው የከበደሽ? ወይስ ከመቼ ወዲህ ለራስሽ ብቻ የሆነ ነገር ስላልነበረሽ፣ እንዴት አድርገሽ ለሰው እንደምታሳዪው ጠፋሽ? መልሱን ለኔ መጻፍ የለብሽም። ባለቤትሽ ግን መስማት ያለበት ዋናው ነገር እሱ ይመስለኛል። ከዚያ የከፋ ነገር የምትፈሪ ከሆነ፣ ማለትም እጁን ያነሳብኛል የሚል ስጋት ካለሽ፣ ይሄን ምክር ተዪውና ደግመሽ ጻፊልኝ። ያኔ የምንነጋገረው ስለ ሌላ ነገር ነው። ከደብዳቤሽ ግን እንዲህ ያለ ነገር አልታየኝም።

እንዴት ትነግሪዋለሽ? ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ሁለታችሁም ሥራ ደክሟችሁ ባልገባችሁበት ማታ። ቡና ማፍላት ካማረሽ አፍዪ። ወሬውን ከደርቢው አትጀምሪ፤ ከኦቨርታይሙ ጀምሪ። «ቅዳሜ ማታ ሥራ አልነበርኩም። ዋሽቼሃለሁ። ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ጨዋታ እያየሁ ነበር። ትስቅብኛለህ ብዬ ፈራሁ፣ ከዚያ መመለሻው ጠፋኝ።» በቃ፤ ከዚህ በላይ ማስረዘም አያስፈልግም። ከዚያ ዝም በዪ። ይጠይቅ። ማንን፣ የት፣ ስንት ብር እያለ ሊጠይቅ ይችላል። ስልክሽ ላይ ያሉትን ቲኬቶች አሳዪው፤ ባልደረባሽን ማግኘት ከፈለገም ይቻላል በዪው። ማስረጃ ማሳየት ውርደት እንዳይመስልሽ። የዋሸሽው አንቺ ነሽ፤ ሸክሙን ማቅለልም ያንቺ ድርሻ ነው።

ያን ማታ አንድ ነገር እባክሽ አደራ። አርሰናልን አታንሺ። «አንተስ?» ማለት አፍሽ ላይ ይመጣል፣ አውቃለሁ። ግን የዚያን ማታ ጥያቄ ስፖርት አይደለም። አርሰናል ከመጣ ይቅርታሽ ክርክር ይሆናል፤ ክርክሩን ብታሸንፊ እንኳ ይቅርታው ይበላሻል። ቢቆጣ ይቆጣ። ቢያኮርፍ ሁለት ሦስት ቀን ያኩርፍ። ቢስቅም ደግሞ... ምናልባት ከተጠራጠረው ነገር ስለዳነ ይሆናል የሚስቀው።

ቀናት ካለፉ በኋላ ሁለተኛውን ወሬ አምጪው። አሁን አርሰናል ይፈቀድልሻል፤ እንደ ክስ ሳይሆን እንደ መግቢያ። ለንደን ከቀትር 30 ደቂቃ በኋላ የሚጀመር ጨዋታ እናንተ ጋ ሲደርስ 4:30 ንጋት ነው። በዚያ ሰዓት ሞቅ ካለ አልጋ የሚወጣ ሰው፣ የማያውቁትን ሰዎች መውደድ ምን እንደሆነ ይገባዋል። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ከ1984 ጀምሮ የሚያዘጋጀው ውድድር ላይ ፈቃድ ወስዶ የሚሄደውስ ኳሱን ብቻ ሊያይ ነው? እስኪ ጠይቂው። «መጀመሪያ ቡድን የያዝከው እንዴት ነው?» በዪው። ከዚያ ያንቺን ንገሪው።

ከዚያ አንዴ እንዲመጣ ጋብዢው። አንዴ ብቻ። በግድ ደጋፊ የሆነ ሰው የለም። ስትሄዱ መኪና ውስጥ ሕጉን አስረጂው፤ ሕጉን ለማያውቅ ሰው ደርቢ ግርግር ብቻ ነው የሚመስለው። ሌሎች አንባቢዎቼም ግራ እንዳይገባችሁ እዚሁ ልንገራችሁ።

እያንዳንዱ ቡድን በአንድ ጊዜ 5 ሰው ያሰልፋል። አራቱ ብሎከር ይባላሉ። አምስተኛዋ ሄልሜቷ ላይ ኮከብ ያለበት ሽፋን ታጠልቃለች፤ ጃመር የምትባለው እሷ ናት። ኳስ የለም። ኳሷ ራሷ ጃመሯ ናት በዪው፣ ወዲያው ይገባዋል። ጃመሯ የተቃራኒን ብሎከሮች ሰንጥቃ ታልፋለች። ከዚያ ክቡን ዞራ ትመጣና ደግማ ለምታልፋት ለእያንዳንዷ ተቃራኒ ብሎከር አንድ ነጥብ ታገኛለች። ብሎከሮቹ ደግሞ መከራቸው ድርብ ነው። የባላንጣን ጃመር ያግዳሉ፣ በዚያው ቅጽበት ለራሳቸው ጃመር መንገድ ይከፍታሉ። ማጥቃትና መከላከል አንድ ላይ ነው።

አንዱ ዙር ጃም ይባላል፤ ቢበዛ 2 ደቂቃ ነው። በጃምና በጃም መካከል ያለው ፋታ 30 ሰከንድ ብቻ። ጨዋታው 30 ደቂቃ፣ ከእረፍት በኋላ ሌላ 30 ደቂቃ። ሕግ ሳትጥስ ቀድማ ሰንጥቃ የወጣችው ጃመር ትልቅ መብት አላት። በፈለገች ሰዓት ሁለት እጇን ዳሌዋ ላይ ደጋግማ መታ መታ አድርጋ ጃሙን ታስቆማለች። ነጥቧን ትሰበስብና ሌላዋ ጃመር ነጥብ ልታገኝ ስትደርስ በሩን ትዘጋባታለች ማለት ነው። ባለቤትሽ ታክቲክ የሚወድ ሰው ከሆነ እዚህ ላይ ነው የሚያዘው። አንቺም ያወቅሽው ይመስለኛል፤ የተጫዋች ቁጥር በቃሉ የሚይዝ ሰው የሚያየው መውደቅ ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄሽ። «ጤነኛ ነኝ?» አልሽኝ።

ማኅበርተኛሽ ድብድብ ብላዋለች። ድብድብ ሕግ የለውም። እዚህ በክርን መምታት፣ በእጅ መያዝ፣ በጭንቅላት መግጨት፣ ከጀርባ መምታት፣ እግር መጥለፍ ሁሉ ያስቀጣል። የተቀጣች 30 ሰከንድ ወንበር ላይ ተቀምጣ ቡድኗ ያለሷ ይጫወታል። ሰባት ቅጣት የሞላባት ከጨዋታው ትሰናበታለች። ይሄን የሚከታተሉ ራሳቸው በጎማ ጫማ የሚዞሩ እስከ ሰባት ዳኞች አሉ። ያም ሆኖ ጉዳት የለም አልልሽም። አለ። ቁርጭምጭሚት ይሰበራል፣ ጉልበት ይጎዳል፣ ጭንቅላትም ይናወጣል። የሕክምና ሰው ትራኩ ዳር የሚቆመው ለዚህ ነው።

ተጫዋች ተጎድታ ሳትነሳ ስትቀር ምን እንደሚሆን አይተሻል። ጨዋታው ይቆማል። ሌሎቹ ተጫዋቾች ሁሉ፣ ራሷ የመታቻትም ሳትቀር፣ በአንድ ጉልበታቸው ይንበረከካሉ። ስትነሳ ወይም ተደግፋ ስትወጣ አዳራሹ ያጨበጭባል። በዚያች ሰዓት አንቺ ምን ይሰማሻል? ደስ ይልሻል? ወይስ እንደ ሥራ ቦታሽ አንገቷን እንዴት እንዳዞረች፣ እግሯ ላይ መቆም ትችል እንደሆነ እያየሽ ሆድሽ ይላወሳል? ሁለተኛው ከሆነ ልብሽ ደህና ነው፤ ሐኪም አያስፈልግሽም።

ጥሩ ንጹሕ ምት ሲያርፍ ደስ ቢልሽስ? ይበልሽ። ሁለቱም አዋቂ ናቸው፣ ሁለቱም ፈቅደው ነው የገቡት፣ ሁለቱም ሕጉን ያውቃሉ። ተከላካይ ተንሸራቶ ኳስ ሲነጥቅ ባለቤትሽ ያጨበጭባል፤ ጨካኝ ነህ ያለው ሰው የለም። የሴት ሲሆን ብቻ ነው እንዴ የሚያስነውረው? እኔ በበኩሌ ስፖርት ላይ ዳተኛ ነኝ፣ ግን ይሄ ልዩነት ይከነክነኛል።

ሥራሽን ሳስበው አንድ ነገር ታየኝ፤ ካልመሰለሽ ጣዪው። አንቺ ሳምንቱን ሙሉ የምትነኪው ሰውነት ጠበቅ አድርገው ከያዙት የሚበልዝ ነው። ቆዳው የሳሳ፣ አጥንቱ የደከመ። በእርጋታ ታነሺዋለሽ፣ በለሆሳስ ታናግሪዋለሽ፣ አንዲት ስህተት እንዳትሠሪ ቀኑን ሙሉ ትሰጊያለሽ። ቅዳሜ ማታ ደግሞ ሲመታ የሚችል ሰውነት ታያለሽ። ወድቆ በሁለት ሰከንድ የሚነሳ፣ ላብ ያጠመቀው፣ የሚስቅ። እዚያ ማንንም መደገፍ የለብሽም። ድምፅሽንም ዝቅ ማድረግ የለብሽም። እንደሚመስለኝ እረፍት ነው ያገኘሽው። የሰው ስቃይ ናፍቆሽ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ይሄን ደብዳቤ አትጽፊም ነበር።

ባለቤትሽ ወይም ሌላ ሰው «ይሄ እንደ ሬስሊንግ ድራማ ነው» ሊልሽ ይችላል። ያለ ምክንያት አይደለም። ሮለር ደርቢ የተጀመረው በ1935 ቺካጎ ላይ ነው። ሊዮ ሴልትዘር የሚባል አዘጋጅ፣ በዚያ በክፉ የኢኮኖሚ ዘመን፣ የረጅም ርቀት የጽናት ውድድር አድርጎ አመጣው። ወንዱም ሴቱም ከመጀመሪያው ተካፋይ ነበሩ። ሕዝቡ ግጭቱን ሲወድ ጊዜ ግጭቱ የጨዋታው አካል ሆነ። በኋላ ቴሌቪዥን ላይ ወጣ፣ ትርኢትም በዛበት፣ በ1970ዎቹ ደበዘዘ። የዛሬው ግን በ2000ዎቹ መጀመሪያ ኦስቲን፣ ቴክሳስ ላይ ሴቶች ራሳቸው እንደ አዲስ ያቆሙት ነው። በ2004 ክለቦቹ በአንድ ማኅበር ተሰባሰቡ። የተጻፈ ድራማ የለም፤ ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም።

እንደ ዕድል አንቺ ያለሽበት ከተማ ለዚህ ጨዋታ ትልቅ ስም ያለው ነው። የከተማሽ ክለብ ሮዝ ሲቲ ሮለርስ የተመሠረተው በ2004 ነው። አርሰናል በሊጉ አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ዋንጫ የወሰደበት ዓመት መሆኑን ለባለቤትሽ ጣል አድርጊለት። ምርጥ ቡድናቸው በ2015፣ በ2016፣ በ2018 እና በ2019 የማኅበሩን ሻምፒዮና ወስዷል። በ2017 ዋንጫው ወደ አውስትራሊያ፣ ወደ ሜልቦርን ሄደ። የዋንጫ ቆጠራ ውስጥ ግን አትግቢ፤ ሰላም እንፈልጋለን።

እነዚህ ሴቶች ደመወዝ የላቸውም። እንዲያውም ለመጫወት መዋጮ የሚከፍሉት እነሱ ናቸው። ትራኩን የሚያሰምሩት፣ በር ላይ ቆመው ቲኬት የሚቆርጡት፣ ሲያልቅ ወንበር የሚያነሱት ተጫዋቾቹና በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ሰኞ ጠዋት አስተማሪ፣ ነርስ፣ እንደ ባልደረባሽ ደግሞ ሽማግሌ የሚያጥቡ ናቸው። ስለዚህ «ከነማን ጋር ነው የዋልሽው?» ላለችሽ ሴት መልሱ አጭር ነው። «ከሥራ ባልደረባዬ ጋር።» የንቅሳቱ ነገር ከሆነ ደግሞ የአያቶቻችንን አንገት ታስታውስ። ጫፍ እስከ ጫፍ ማስረዳት የለብሽም። ለባልሽ ዕዳ አለብሽ፣ ለሷ የለብሽም።

ሕሊናሽን አሁንም የሚከነክንሽ ከሆነ የንስሐ አባትሽን አማክሪ። መጀመሪያ የሚጠይቁሽ ስለ ኦቨርታይሙ ይመስለኛል። ቅዳሜ እያመሸሽ እሑድ ቅዳሴ የሚያመልጥሽ ከሆነም እሱን አንቺው መዝኚው። ጨዋታው አልቆ ሌላ ቦታ መቀጠል ግዴታ አይደለም፤ ፉጨቱ ሲነፋ መኪናሽን አስነስተሽ ቤትሽ መግባት ትችያለሽ።

ከነገርሽው በኋላ ነገሩን አደባባይ አውጪው። የጨዋታውን ፕሮግራም አይተሽ የምትሄጂባቸውን ቀኖች ፍሪጁ ላይ ካለው ካሌንደር ላይ ጻፊ፤ እሱ የአርሰናልን በሚጽፍበት እስክሪብቶ። ለቲኬት የምታወጪውን ተነጋገሩበት። ሁሉም ላይ መገኘት አይጠበቅብሽም። እሱም በዚያ ማታ ልጆቹን ይይዛል፤ በአርሰናል ቀን ቁርሱን አንቺ እንደምትሠሪው ማለት ነው።

«ታዲያ ለምን ራስሽ አትጫወቺም?» የሚልሽም አይጠፋም። ካማረሽ ጀማሪ የሚያስተምሩባቸው ክለቦች አሉ። ካላማረሽ ደጋፊ ሁኚ፤ ደጋፊ መሆን ራሱን የቻለ ነገር ነው። በሁለቱ መካከል ያለ ነገር ከፈለግሽ ደግሞ ጎማ ጫማ የማይጠይቅ ሥራ አለ። ሰዓት የሚይዙ፣ ነጥብ የሚመዘግቡ፣ ቅጣት የሚቆጥሩ በጎ ፈቃደኞች ሁልጊዜ ይፈለጋሉ። ለባልደረባሽ አንድ ቃል ብትነግሪያት በደስታ ታሳይሻለች። እኔ ግን አትቸኩዪ እላለሁ። ቤትም ሥራም ስታገለግዪ ነው የምትውዪው። ቢያንስ ይሄን አንድ ዓመት ቁጭ ብለሽ ብቻ እዪ።

የቀረን የልጅሽ ነገር ነው። «ልሂድ» እና «ልጫወት» ያለችው ለየብቻ ይታይ። መሄዱ ቀላል ነው፤ አባቷ ባወቀ ማግስት ይዘሻት ሂጂ። ትራኩ ጥግ ላይ ወለሉ ላይ የሚቀመጡበት ቦታ ላይ ግን አታስቀምጫት። ተጫዋች ተንሸራታ የምትመጣው እዚያ ነው፣ በብዙ ቦታም ለአዋቂ ብቻ ነው። መጫወቱ የሁለታችሁ ውሳኔ ይሁን። ሮዝ ሲቲ ከ7 እስከ 17 ዓመት ለሆኑ ታዳጊዎች ክፍል አላቸው። ታዳጊዎች ደግሞ ገና ከመጀመሪያው አይጋጩም። መጀመሪያ መውደቅና መቆም ይማራሉ፣ ንክኪው በችሎታቸው ልክ ደረጃ በደረጃ ነው የሚመጣው። ከመወሰናችሁ በፊት አባቷም አብሮ ልምምዳቸውን አንድ ቀን ተቀምጦ ይይ። የሚዋሱት መሣሪያ እንዳለ ጠይቁ፤ የጥርስ መከላከያው ግን በራሷ ልክ ከሱቅ የሚገዛ ነው። የቤተሰብ ኢንሹራንሳችሁ የስፖርት ጉዳት ይሸፍን እንደሆነም ደውሉ።

አሁን ስልክሽን አውጪና የሚቀጥለው ጨዋታ መቼ እንደሆነ እዪ። ከዚያ በፊት ካሉት ማታዎች አንዱን ምረጪ።